ከለቅሶ ድንኳን አጠገብ ያለፈው ዶዘር

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የስምሪት ኃላፊው አንድ ሜትርና አንድ ቀይ ባንዲራ ሰጥተው አሮጌ ፒካፕ ላይ አስቀመጡኝ። ሎቤዱ ከኋላሽ ይመጣል፣ አንቺ የሚያልፍበትን ታያለሽ አሉኝ። ሎቤድ ዶዘርና ኤክስካቫተር የሚጫንበት፣ ወለሉ ወደ መሬት የቀረበ ረጅም ተሳቢ ነው። ሌላ ማብራሪያ አልተሰጠኝም።

የማታ ትምህርቴን ጨርሼ የተቀጠርሁት በጎልማሳነቴ ነው። ያመለከትሁት ለጽሕፈት ሥራ ነበር፤ ክፍት የነበረው ግን የመንገድ መሪ ቦታ ሆነ። ጎንደር ግቢያችን ውስጥ ሾፌሮቹ ጭነት ሲጠብቁ ካርታ ይጫወታሉ፤ እኔ አነባለሁ። አንጋፋው ሾፌር አያ ሙላቱ በዚህ የተነሳ "ምሁሯ" የሚል ስም አወጡልኝ። የመብራት ሽቦ ለክቼ አቁሙ ባልሁ ቁጥር፣

"ምሁሯ፣ መጽሐፉ ምን ይላል?" ይሉኛል።

"ዝቅ ብሏል ይላል።"

ወርደው ሽቦውን በባላ እንጨት ያስነሳሉ። ከዚህ ያለፈ ብዙ ወሬ ሳይኖረን ዓመታት አብረን ሠራን።

ጭነት ሲታሰር ሰንሰለቱ ይወጠራል። ትንሽ ከተጓዙ በኋላ ግን ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው፤ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ቦታውን ሲይዝ ሰንሰለቱ ይላላል። አያ ሙላቱ ይህን የሚያደርጉት ኮሶዬ ላይ ነው። የምግብ ቤት ልጆች ቢጠሯቸውም መጀመሪያ እያንዳንዱን ሰንሰለት በመዶሻ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ።

አንድ ክረምት ዶዘር ጭነን ወደ ዛሪማ ስንሄድ ኮሶዬን ሳይቆሙ ሊያልፉ ነበር። ባንዲራ አውጥቼ አስቆምኋቸው። ሰንሰለቱን እያጠበቁ ምክንያቱን ነገሩኝ። ዛሪማ አጠገብ ተራራው ተንዶ ወንዙን ዘግቶታል፤ ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። የሳቸው ቤት እዚያው ነው። ሰዉና ከብቱ ወጥቷል፤ ቤቱና የዓመቱ እህል ቀርቷል። የከሰዓቱ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ወንዙ ካልተከፈተ የሚተርፍ ነገር የለም። የጫንነው ዶዘር የተላከው ለዚሁ ነው።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን መንገዱ ዳር የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አገኘን። ግቢው ጭቃ ስለሆነ ወደ አስፋልቱ አውጥተውታል፤ ገመዱም ጠርዙን ይዟል። ለካሁት። ተሳቢው ያልፋል፣ የዶዘሩ አፈር መግፊያ ብረት ግን አያልፍም። ዶዘሩን አውርዶ በማሳው ማዞርም አይሆንም፤ ማሳው ውሃ ጠጥቷል፣ ይሰምጣል።

ኃላፊው ጋ ደወልሁ። ፖሊስ ጥሪ አሉኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ፖሊስ ግን አልጠራሁም። ዞር ስል የአያ ሙላቱ እጅ ወደ ጡሩምባው ሄዷል።

"እሱን አይንኩ" አልሁ።

"ታዲያ ገመዱን ፍቱ በያቸው።"

"ሳንቀመጥ?"

እጃቸውን ከጡሩምባው መለሱ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማው ሥር ታኮ አስገብተው ወረዱ።

ገባን። ነፍስ ይማር ብለን ተቀመጥን፤ ንፍሮ ተሰጠን። አያ ሙላቱ ንፍሮውን በመዳፋቸው እንደያዙ ደመናውን ይመለከታሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ከማዶ ታያቸው ኖሯል።

"ምነው አያ፣ ዓይንህ ከደጅ አልነቀል አለ?"

"ውሃ ቤቴን ሊወስደው ነው።"

"የት?"

"ዛሪማ።"

ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ዶዘሩን አየችው። "ይኼ ነው የሚያተርፍልህ?"

"ከደረሰ።"

ወደ እድሩ ዳኛ ዞረች። "ገመዱን ፍቱለት። የኔ የሆነው ሆኗል፤ የሱ ገና ነው።"

ዳኛው ተቸገሩ። ድንኳን ከሰልስት በፊት ማፍረስ ነውር ነው፣ ወግ አይደለም አሉ።

"ማን አፍርሱት አለ? ጠጋ አድርጉት።"

ወንዶቹ ተነሱ። በአስፋልቱ በኩል ያለውን ካስማ ነቅለው ገመዱን በእጃቸው ያዙ፤ ምሰሶዎቹን አቅፈው ድንኳኑን ወደ ቤቱ ግድግዳ ገፉት። ሴቶቹ እዚያው ውስጥ እንዳሉ አብረው ጠጋ አሉ። ሙሾው አልተቋረጠም። እኔ ከሎቤዱ ፊት ወደ ኋላ እየተራመድሁ በእጄ መራሁ። አያ ሙላቱ ቆባቸውን አውልቀው በከባድ ማርሽ፣ እንደ ሰው እርምጃ ነዱ። ብረቱ ከሸራው አንድ ክንድ ያህል ርቆ አለፈ። ዞር ብዬ ሳይ ካስማውን መልሰው እየተከሉ ነበር።

ሊማሊሞን ሳይዘንብ ወረድን። ዶዘሩ ከሎቤዱ እንደወረደ ወንዙን ከፈተው። ውሃው የአያ ሙላቱን አጥርና ማድቤት ወስዷል። ቤቱና እህሉ ተርፈዋል።

በማግስቱ ስንመለስ ድንኳኑ እንዳለ ነበር። ባዶ ሎቤድ ያለ ችግር ያልፋል። አያ ሙላቱ ግን ዳር ይዘው አቆሙ።

"ምነው፣ ሰንሰለት ላላ?" አልኋቸው።

"ትናንት የገባሁት ለመንገድ ነው" አሉና ቆባቸውን አውልቀው ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። ብዙ ተቀመጥን።

አዲስ ለሚመደቡ የመንገድ መሪዎች የምለው አጭር ነው። ስፋትና ከፍታ በሜትር ይለካል። ድንኳን ካጋጠማችሁ ሞተር አጥፉ፣ ውረዱ፣ ገብታችሁ ተቀመጡ። መንገድ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።