ጀውሃ ላይ የተቆረጠው ጥሪ

አንድ ተራ ቀን ሁለት ጊዜ ኮረብታ መውጣትና የሸዋ ሮቢትን ሙሉ ፀሐይ ያስከፍለዋል። የስልክ ማማ ጠባቂ ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ካፖርቱን አያወልቅም፤ ስልኩ ያለው ደረት ኪሱ ውስጥ ነዋ።

አምና ልጁ ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ ከአውቶቡስ ደውላ፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» እንዳለች ጥሪው በካራቆሬ መንገድ፣ ጀውሃ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማም።

ለጥገና የመጣው ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ማማዎቹ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። በኢምንት ከተዛነፉ፣ መኪናው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ጥሪው ይቋረጣል። አሁን አስተካክለነዋል» አለው።

«ለአንድ ሰዓት ዓመት ፈጀባችሁ?» አለ።

ግን አላመነም። ወደ ካራቆሬ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ፣ እናንተም ብትሆኑ፣ የስልክ ቁጥሩን ከእጁ ይቀበላል፦

«እባካችሁ፣ ከመኪናው ሆናችሁ ደውሉልኝ። ልጄ ስትመለስ ከዚያው መንገድ ትደውላለች፤ አስቀድሜ ልሞክረው። ወሬ አይጠፋም፤ ብቻ ጀውሃን እስክታልፉ አትዝጉት።»