የጨረታ መከላከል ሽልማት

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ትሑት ልጅ ደውሎ የጨረራ ባለሙያዎች ጉባኤ «የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሽልማት» እንደወሰነልኝ አበሰረኝ። ዕድሜ ልክ ሲባል እኔ ቶሎ የሚመጣልኝ እስራት ነው። ልጁ ግን የምስጋናውን ጽሑፍ አነበበልኝ፦ «ገና በወጣትነታቸው ደብረ ታቦር ላይ ለብዙዎች ጠንቅ የነበረ፣ ከራጅ ክፍል የሚያመልጥ የጨረራ ፍሳሽ በማግኘታቸው…» ለመጽሔቱም ፎቶግራፍ እንድልክ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ፍሳሹን ግን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በፊዚክስ ተመርቄ፣ የራጅ ክፍሎችን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ውስጥ ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ። አለቃዬ ውብሸት ይባላል። ያኔ ሲገባም ሲወጣም ብድግ እያልኩ «አንቱ» ስለው ኖሬያለሁ፤ የአክብሮት ድርሻውን ያኔ ከፍዬ ስለጨረስኩ ዛሬ አንተ እያልኩ ስጽፈው ቅር አይለኝም።

ሐምሌ ላይ ደብረ ታቦር ያለ አንድ ክሊኒክ እንድናይ ተላክን። ሐሙሲት ስንደርስ ውብሸት «ወገቤን» አለና መኪናውን ይዞ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ታጠፈ። ወገቡን የሚያመው ሥራ ሲኖር ብቻ ነበር። እኔ መለኪያውን ታቅፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጎማ በተቀረቀረ ቁጥር እየወረድን ገፋን። አንዲት ሴት በሚጥሚጣ የሸጠችልኝ ትኩስ ቅቅል ድንች እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። ያን ዓመት ከመንግሥት ሥራ ያተረፍኩት ደስታ ቢኖር እሱ ነው።

የክሊኒኩ ራጅ አንሺ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ። ገና ሰላም ሳልላቸው አንድ የታጠበ ፊልም መስኮቱ ላይ ለጠፉልኝ። ፊልሙ ጠቁሯል፤ መካከሉ ላይ የአንድ ቁልፍ ጥላ ነጭ ሆኖ ወጥቷል።

«ልጄ፣ እኔ እንዳንቺ መለኪያ የለኝም» አሉኝ። «ፊልም በወረቀቱ እንደታሸገ፣ የዚችኑ ክፍል ቁልፍ አጣብቄበት፣ ከበሩ ውጭ፣ ከአግዳሚ ወንበሩ በላይ ሰቅዬ ከረምኩ። ጨረሩ በሩን አልፎ ባይወጣ ቁልፉ ጥላ አይጥልም ነበር። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡትን እያቸው።»

አየሁ። ሁለት እርጉዞች ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዷ ቆሎ ትቆረጥማለች። አስነሣናቸው። መለኪያዬም ጋሽ እንድሪስ ያሉትን አረጋገጠ። የበሩን ጠርዝ ብንፈታው፣ ጨረር እንዲያግድ በእርሳስ የተለበጠ ተብሎ የገባው በር ባዶ ቆርቆሮ ነው። ያለ ጨረታ ያስገዛው ውብሸት፣ ያቀረበው የሚስቱ ወንድም።

ጋሽ እንድሪስ «ፊልም በማባከን» ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ነበር። ፍሳሹን ያገኙት እሳቸው መሆናቸው ሪፖርቱ ላይ ካልሰፈረ፣ ያኔ ራጅ ወዳልነበረበት እብናት ሊዛወሩ ነው።

«ስሜን ጻፊልኝ። ለክብሩ አይደለም። ልጆቼ እዚህ ነው የሚማሩት» አሉኝ።

እጽፋለሁ አልኳቸው።

ውብሸት በሳምንቱ ከፍል ውኃው ፊቱ ወዝቶ መጣ። ረቂቄን አነበበና የጋሽ እንድሪስን ስም በእስክሪብቶ ሰረዘው። «ፍሳሹን ያገኘነው እኛ ነን። በሩ አረጀ በይ። የቀረው ዝም ነው፤ ዝም አይነቅዝም።» ሥራዬን ፈራሁ። ባማረ የእጅ ጽሑፌ ገለበጥኩት።

በሩ ተቀየረ፤ ይህን አልክድም። በዓመቱ በቡሄ ሰሞን ደግሞ እዚያው ደብረ ታቦር፣ ከተማው አዳራሽ ውስጥ ውብሸት ተሸለመ። ሙልሙል በየጠረጴዛው ተደርድሯል፤ ሹማምንቱ አፋቸውን ሞልተው ያጨበጭባሉ። የመድረክ መሪው ምስክር ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «በጨረታ መከላከል ረገድ ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ!»

ጨረራ የሚለውን ቃል ሰምታው የማታውቅ ጸሐፊ፣ ዕለት ዕለት የምትጽፈውን ጨረታ አስገብታለች። ልብ ያለ የለም። ውብሸት ወረቀቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሳመው፤ ለዓመታትም ቢሮው ውስጥ ሰቅሎት ኖረ። አዳራሹ ውስጥ የሳቁት ከኋላዬ የተቀመጡት ጋሽ እንድሪስ ብቻ ናቸው።

«ከሁላችሁ እውነቱን የጻፈች ጸሐፊዋ ብቻ ናት» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ከሁላችሁ» ሲሉ እኔንም እንደጨመሩኝ ገባኝ። የዝውውር ደብዳቤው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ስንወጣ ፊልሙን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ቁልፉን ለንብረት ክፍል አስረክቤያለሁ። ጥላው ግን መዝገብ ላይ የለም፤ ያንቺ ይሁን።» ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም፤ ብፈልግ አላጣቸውም ነበር፤ አልፈለግኩም።

በውብሸት ስስቅ ስንት ዘመኔ! አሁን ያው ወረቀት፣ ፊደሉ ታርሞ፣ በእኔ ስም መጣ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ነቅዟል።

ፎቶውን ላኩላቸው። ትናንት ልጁ ደነጋግጦ ደወለ።

«እትዬ፣ ተሳስተው ነው መሰለኝ፤ የላኩልን ላይ የቁልፍ ጥላ ብቻ ነው ያለው። ሰው የለበትም።»

«ሰውየውማ» አልኩት፣ «እብናት ተዛውረዋል።»