በቀን ያለቀው የአንበሳው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ካምፓላ ውስጥ ትምህርት ቤቱም ታክሲውም በቆመበት በዚያ በኮሮናው የሎክዳውን ዘመን፣ የአባቴ እህት ዘሃራ ንሳምብያ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጥታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ዋንዴገያ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ የነበራት የፎቶኮፒ ሱቅ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ ተዘግቶ፣ ያኔ ሥራዋ ሁለት ብቻ ሆኖ ነበር፤ ጀማልን መጠበቅና ለእኔ ተረት ማውራት። ጀማል እጮኛዋ ነው። ከሞምባሳ ዕቃ የሚያመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ኒካሃቸው ሰው መሰብሰብ እስኪፈቀድ ተብሎ ተላልፏል።

ከመግሪብ በኋላ በረንዳው ላይ የከሰሉን ምድጃ ከበን እንቀመጣለን። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ፋኖሱ በመሀላችን ይለኮሳል፤ ማቶኬው፣ ያ የሚበሰለው አረንጓዴ ሙዝ፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ቀስ እያለ ይበስላል፣ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እኔ ግን ንቅንቅ አልልም።

ተረቱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ባሏ ፊት ነስቷት አዋቂ ቤት ብትሄድ «የአንበሳ ጸጉር አምጪ» የተባለችው ሴት ተረት ነው። አክስቴ ግን ተረትን እንደሰማችው መቀበል አትወድም። «ፊት ለነሳኝ ሰውዬ ብዬ አንበሳ አፍ ልገባ? ምን ሲደረግ!» አለችና ገለበጠችው። በእሷ ተረት አንበሳው ራሱ የሴትየዋ፣ የወርቂቱ፣ ፍቅረኛ ነው። ጠንቋይ በድግምት አንበሳ አድርጎ ተራራ ላይ ሰዶታል፤ ወርቂቱ ከጋማው አንዲት ጸጉር በእጇ ነቅላ ካልወሰደች ሰው አይሆንም። ስለዚህ በየቀኑ ሥጋ ይዛ ትወጣለች፣ በየቀኑም አንድ እርምጃ ትጠጋዋለች። አክስቴም በየምሽቱ አንዷን እርምጃ ብቻ ታወራልኝና፣ «ዛሬ ትንፋሹ ተሰማት» ብላ ፍሙን ቆስቁሳ ትነሳለች። እንዴት እንደምታናድደኝ!

ቀን ላይ ብለምናትማ በጭራሽ። ወሎ፣ እሷ ባደገችበት መንደር፣ ተረት ፀሐይ ሳለች ከተወራ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይጠፋል ይባላል። «ጀማል መንገድ ላይ ነው» ትለኛለች፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ እናቴ ጓሮ ልብስ ስታጥብ፣ አክስቴን ሳሎን ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ስልኳ ጭኗ ላይ ነበር። ወርቂቱ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷታል፣ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ፋኖሱን ለኮስኩና «ይኸው መሸ!» አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፋኖሱን አየችውና «እሺ፣ ነይ» አለችኝ።

«ወርቂቱ ደረሰች። ጋማውን ስትዳስሰው አወቃት። ጸጉሩን ነቀለች።»

«ከዚያ ሰው ሆነ!»

«አልሆነም። ዘግይታ ነበር። ራሱን ጭኗ ላይ አሳርፎ አንቀላፋ፣ በዚያው አልነቃም። እሷም ጸጉሩን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ተራራውን ብቻዋን ወረደች።»

«ይሄ መጨረሻ አይደለም!» ብዬ ጮህኩባት። «ብቻዋን ስትወርድ አልፈራችም?»

«ከአንበሳ ጋር የከረመች ሴት ከእንግዲህ ምን ያስፈራታል?» አለችኝ። ድምጿ ልክ አልነበረም፤ ያኔ ግን እኔ ማኩረፌን እንጂ ድምጿን መች ሰማሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ ቡጎሎቢ ካለው ሥራው በእግሩ መጣ። አክስቴ ደውላ ጠርታው ኖሯል። ከእናቴ ጋር መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ፣ ወዲያው የእናቴን ጩኸት ሰማሁ። ጀማል ኬንያ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ሳለ፣ ታሞ ሞቷል። እዚያው ቀበሩት። ድንበሩ ዝግ ስለነበር ማናችንም አልሄድንም፤ ለቅሶውም በስልክ ብቻ ነበር።

እኔ ማን እንደገደለው አውቅ ነበር። መጋረጃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ፋኖሱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። ዓመት ከመንፈቅ ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖርኩ፤ ፋኖስ ሲለኮስ ተነስቼ እወጣለሁ፣ አክስቴ ስታቅፈኝ እሸሻታለሁ። ተረት ዳግመኛ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላወራችልኝም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ምባራራ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት እንድገባ ተወሰነ። የመሄጃዬ ዋዜማ አመሻሽ ላይ አክስቴ ዩኒፎርሜን በከሰል ካውያ እየተኮሰች ነበር። ፍሙ በካውያው ቀዳዳ ሲቀላ እያየሁ ከአፌ አመለጠኝ።

«አክስቴ፣ ጀማልን የገደልኩት እኔ ነኝ። በቀን ተረት ያስወራሁሽ እኔ ነኝ።»

ካውያውን አቆመችው።

«የተደወለልኝ እኮ ያን ለት ጠዋት ነው» አለችኝ። «አንቺ መጋረጃውን ስትዘጊ እኔ ሰምቼ ነበር። ታክሲ የለ፣ አባትሽ በእግሩ እስኪደርስ እንዴት ብዬ እንደምቆይ ጨንቆኝ ነው የተቀመጥኩት። መንገድ ላይ የሚጠፋብኝ ሰው ስላልነበረኝ ነው በቀን ያወራሁልሽ።» ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸክመሽው?» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እኔም ያኔ ነው ጀማልን ያለቀስኩለት፤ እስከዚያ ድረስ ሳለቅስ የኖርኩት ለራሴ ነበር።

ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ወርቂቱ ስንት እርምጃ እንደሄደች ረስቼዋለሁ። ልቧ ተሰብሮ ሳለ፣ እንባዋን ይዛ ልጅ ፊት ተረት የጨረሰችውን ሴት ግን አልረሳትም። ወርቂቱ ብዬ የማስበውም እሷን ነው።

ያን ለት፣ ካውያው ከተተኮሰበት ምሽት ማግስት፣ ወደ ምባራራ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ፣ በሚያደርሰኝ በአባቴ ስልክ ደወልኩላት።

«አክስቴ፣ መንገዱ አላልቅ አለኝ። የወርቂቱን ከመጀመሪያው አውሪልኝ።»

«አላወራም!» አለችኝ ቆጣ ብላ። «ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ አንቺ ደግሞ መንገድ ላይ ነሽ።»