የማክሰኞ ሸክላ

አባቴ ጅማን ለቅቆ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ሊጠቃለል አራት ቀን ሲቀረው፣ ጓዙን ላሽግ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። ልብሱ አንድ ሻንጣ እንኳን አልሞላም። የቀረውን ጊዜ የጨረሰው አንድ ሸክላ ነው።

ሸክላው የአንድ የድሮ አሜሪካዊ ዘፋኝ የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ ነው። ሽፋኑ ላይ ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ወደ አንድ ጆሮው አዘንብሎ፣ ዓለም ለሱ ብቻ የተፈጠረች ይመስል ፈገግ ብሏል። አባቴ የቡ ከተማ የቡና መርማሪ ሳለ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ አስተማሪ ሸክላውን ትቶለት ሄደ። ማጫወቻ ስላልነበረው መጀመሪያ ይዞት የሄደው ጅማ ሄርማታ ሰፈር፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። «ለሠርጌ ይኼን የመሰለ ልብስ» አላቸው። ልብስ ሰፊው ሽፋኑን በሜትር ለክተው ሰፉለት። ፎቶው ከፊት ብቻ ስለሆነ ጀርባውን ከራሳቸው ጨመሩበት። አባቴ ከፊት አሜሪካዊ፣ ከኋላ የሄርማታ ሰው ሆኖ ተዳረ።

ልብስ ሰፊው፣ ዛሬ ሐጂ የምንላቸው፣ ደግሞ ከአጎታቸው የወረሱት ማጫወቻ ነበራቸው፤ ሸክላ ግን አልነበራቸውም። ከአርባ ዓመት በላይ የዘለቀው ወዳጅነት የተጀመረው በዚህ ነው።

ችግሩ ቀን ማግኘት ነበር። አባቴ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ በጾም ዘፈን አይሰማም። ሐጂ ሰኞና ሐሙስ ሱና ይጾማሉ። ቅዳሜ ገበያ ነው። እሁድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዕድር፣ ከዕድር ወደ ለቅሶ ሲል ይመሻል። የቀረው ማክሰኞ ነው፤ እሱም ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾምና ረመዳን ተቀንሰው፣ ደግሞም መብራት ካለ። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አይገባቸውም። አባቴ ሰውየው እንዲህ የሚያንጎራጉረው እናቱ ሞታበት ነው ይላል፤ ሐጂ ደግሞ ሱሪው ጠብቦት ነው ይላሉ።

ከስድስት ዓመት በፊት ተጣሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሦስተኛው ዘፈን መሃል ጭረት ወጣ። ዘፋኙ እዚያ ሲደርስ አንዲት ቃል ይዞ ይቆማል፤ መርፌውን ሰው ካላነሳለት ንቅንቅ አይልም። አባቴ «መርፌህ ዝጓል» አለ። ሐጂ «አንተ ነህ በጋቢህ ጫፍ የምትፈትገው» አሉ። ዕድሜውን ሙሉ በጥቂት ጥቁር ፍሬ የተነሳ ጆንያ ሙሉ ቡና ሲጥል የኖረ ሰው ለጭረት ምሕረት የለውም። ሸክላውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወጣ። ማጫወቻው እዚያው ቀረ።

ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ የሸክላው ይሁን የመርፌው ሰምተን ካልሆነ አንፈርድም አሉ። ሸክላው ወደ ሄርማታ ይሂድ ወይስ ማጫወቻው ወደ ሰቶ ሰመሮ ይምጣ ሲባል ሁለት ወር አለፈ። ስምምነት ተገኝቶ ቀን ሲቆረጥ ፍልሰታ ገባ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ሞቱ። ሁለቱ ጠበኞች በለቅሶው ድንኳን ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ።

ጭረቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ ለዕረፍት መጥቼ፣ ሐጂ ቤት ሳለን እሳቸው ለሶላት ሲወጡ፣ አባቴም በር ላይ ከሰው ጋር ሲያወራ፣ በአንድ እጄ ስልኬን ይዤ እየቀረጽኩ በሌላው እንደ ዲጄ ሸክላውን ወደፊትና ወደኋላ ገፋሁት። ቪዲዮውን አሥራ አንድ ሰው ወደደው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ ኖረ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለአባቴ ስለ ዕርቅ ጥቅም ምክር ሰጥቼዋለሁ። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

ሁለቱም ሰማንያን እየተጠጉ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ቢገናኙ ከሁለቱ በአንዳቸው ለቅሶ ላይ እንደሚሆን ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ዘፈኖቹን ያለ ጭረት በስልኬ ላሰማው ሞከርኩ። ጥቂት አዳመጠና «ይኼ ሌላ ሰውዬ ነው» አለኝ። ወዲያው ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ብሎት አስጠፋኝ።

ሰኞ ዕለት ሸክላውን በፎጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለሐጂ ስጥልኝ። ማጫወቻ ለሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ግን እሱ ላከው እንዳትል።»

ልናዘዝ ቆርጬ ሄርማታ ወረድኩ። ሐጂ ሸክላውን ተቀብለው የሽፋኑን ኮት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«መቼ ነው የሚሄደው?»

«ነገ ጠዋት ነው፣ ሐጂ። እኔ... አንድ ነገር ልነግርዎ...»

ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ ገባ። ደስ አለኝ፣ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ ባጃጅ መጣ። ሐጂ ማጫወቻውን በገበርዲን ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሸክላውን ከላይ አድርገው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ሰላምታ ሳይሰጡ ገብተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ሁዳዴ ነው» አለ አባቴ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለሐጂ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ለኔስ ረመዳን አይደል? ያ ጃርሳ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ድምፁን ማን ይከፍተዋል? ይዙር ብቻ። መዞር ወላሂ ጾም አያስፈታም።»

አባቴ የቡና ናሙና እንደቀረበለት ሁሉ አገጩን ይዞ አሰበ። «ሁለተኛው ገጽ» አለ።

ሐጂ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዘግተው መርፌውን አስቀመጡ። ከመርፌው ራሱ፣ ጎረቤት ቤት የተረሳ ሬዲዮ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ወጣ። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ አጎነበሱ። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«አባዬ፣ እየሰማችሁ ነው እንዴ?» አልኩ።

«መርፌውን እየመረመርኩ ነው» አለ ቀና ሳይል።

ሁለት ዘፈን እንዲህ ተመረመረ። ሦስተኛው መሃል ሲደርስ ሰውየው እንደ ልማዱ አንዲቷን ቃል ይዞ ቆመ። ደጋገማት። የማንም እጅ አልተነሳም። ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

«ጭረቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እናንተ አይደላችሁም። እኔ ነኝ።»

ሐጂ ሳያዩኝ አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ማሎ፣ እባክህ ዝም በል። እየሰማን ነው።»

ሹፌሩ ደግሞ ነፋ። አባቴ ጆሮውን ይበልጥ አስጠጋ፤ መርፌውን ግን ማንም አላነሳም።