አያ አስማረ እና የሦስት ደቂቃው ተራ

አስማረ ጎረምሳ ሳለ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ወረደና ወባ ጣለው። አብረውት የወረዱት የአገሩ የትክል ድንጋይ ልጆች ሥራው እንዳያልፋቸው መንገድ ዳር ካለ ዛፍ ሥር አስተኝተውት ሄዱ። ሊሞት ሲል አንድ የማያውቀው የጭልጋ ሰው ጎንበስ ብሎ ስሙንና አገሩን ጠየቀው። ከዚያም ሰውየው ማኪና ከሚቆምበት ቦታ ሄዶ «የትክል ድንጋዩን አስማረን የሚያውቅ አለ?» እያለ ሲጣራ ዋለ። ማምሻውን አንድ ነጋዴ ሰማው። አስማረ በዚያ ነጋዴ ማኪና ተጭኖ ከቤቱ ገባ፣ ዳነም።

ከዚያ በኋላ ተማረ፣ ወረዳ አስተዳደረ፣ ተመርጦ አዲስ አበባ ምክር ቤት ገባ። ፀጉሩ ሸብቶ፣ ንብ ሊያረባ ይመለሳል ስንል፣ ደቡብ አፍሪካ ወዳለው የአህጉሩ ፓርላማ ላኩት። እኔ እዚሁ አገር ቤት፣ በአራዳ ሰፈር፣ ጎረቤቱ ነኝና በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ያን ሁሉ አገር አንድ አዳራሽ ውስጥ ምን ያግባባዋል?

«ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ታደርጋለህ፣» አለኝ። «ችግሩ መቆጣት አይቻልም። አንተ ተቆጥተህ ስትጨርስ ነው አስተርጓሚው መቆጣት የሚጀምር።»

አንድ ጊዜ ለጉባኤ ሊሄድ ሲዘጋጅ ይመኙሽ የምትባል የትክል ድንጋይ ሴት ቤቱ መጣች። ልጇ አዘዘ ለአጨዳ ድንበር ተሻግሮ ታስሯል፤ ዓመት አልፎት ወሬው ጠፍቷል።

«አያ አስማረ፣ እዚያ ሸንጎ ላይ ስሙን ጥራልኝ።»

«እቴ ይመኙሽ፣ እዚያ የሰው ስም አይጠራም። የሚወራው ስለ አገር ነው።»

«አገሩ ታዲያ ሰው የለበትም?»

እጠራለሁ ብሎ ቃል ሰጣት።

ጉባኤው ድንበር ተሻግረው ስለሚሠሩ ሰዎች የተነጋገረ ዕለት፣ አያ አስማረ በእኛ አገር ሽምግልና እንደሚደረገው አደረገ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ለመናገር አይቸኩልም። ታናናሾቹ ይናገራሉ፣ እሱ ያዳምጣል፣ መጨረሻ ላይ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። እሱን ሳይጠይቅ ሸንጎ የሚበትን የለም። እናም ወረቀቱን አጥፎ ጠበቀ። አፈ ጉባኤው ሁሉንም አመሰገነና መዶሻውን መታ። የተናገሩት ሁሉ ጠዋት ተራ ያስያዙ ነበሩ።

ሲመለስ ይመኙሽን ደጁ ላይ ተቀምጣ አገኛት። እኔም ነበርኩ።

«ጠራኸው?»

«አልጠራሁትም።»

«ምነው?»

«እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ።»

«እዚያም የትክል ድንጋይ ሽማግሌ ነኝ ብለህ?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። አያ አስማረ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በቀጣዩ ጉባኤ አዳራሹ ሳይከፈት ደርሶ ስሙን አስያዘ። የዕለቱ ርዕስ ንግድ ነበር። የተሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። በዕድሜ ከእሱ የሚበልጡ ሰዎች ተቀምጠው እሱ ቀድሞ ተነሣ፤ አፍሮ እንደነበር አልሸሸገኝም። ሰሊጥ ድንበር ሲሻገር አጫጁም አብሮ እንደሚሻገር ተናገረ። «ከነሱ አንዱ አዘዘ ነው፣ የትክል ድንጋይዋ የይመኙሽ ልጅ፣» አለ። አፈ ጉባኤው ወደ ርዕሱ እንዲመለስ አሳሰበው። ርዕሱ ይኸው ነው ብሎ ስሙን ደገመና ተቀመጠ።

ለሻይ ሲወጡ አዘዘ ከታሰረበት ከማዶው አገር የመጡ አንድ አዛውንት ተጠግተው «ያን ስም እስኪ ድገምልኝ» አሉት። ደገመላቸው።

ክረምቱ ሲወጣ አዘዘ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተለቆ አራዳ ላይ ከማኪና ወረደ። እንዴት እንደተፈታ ጠየቅሁት። የሚያውቀው አንድ ጠዋት ዘበኛ መጥቶ ስሙን እንደጠራ ብቻ ነው።

«የተፈታው ባንተ ነው?» አልኩት አያ አስማረን።

«አላውቅም። አዛውንቱንም ዳግመኛ አላገኘኋቸውም።»

«ከዚህ ሁሉ ዘመን ሥራህ የትኛው ይበልጥብሃል ታዲያ?»

እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ብዙ ሕግ ሲጸድቅ እጄን አውጥቻለሁ፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ያን የጭልጋ ሰው ግን አልረሳሁትም። ስሜን ይዞ ሲጣራ ዋለ፤ እኔ የሱን ስም እንኳ አልጠየቅሁትም። እሱ ለኔ ያደረገውን እኔ ለይመኙሽ ልጅ አደረግሁ። የሚበልጥብኝ ይኸ ነው።»