ትንሽ አሞት ነው

ባለቤቴን በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ መኪናውን ሊቀሙት የመጡ ሌቦች በጠራራ ፀሐይ በጥይት መቱት። ቁልፉን ሰጥቷቸው ነበር። የመቀመጫ ቀበቶውን ሊፈታ እጁን ዝቅ ሲያደርግ ሽጉጥ የሚያወጣ መሰላቸው አሉ። "ቁልፉን ስጡ፣ አትከራከሩ" ብሎ የማይመክረን ሰው አልነበረም። ስለ ቀበቶ ግን ማንም አልነገረንም።

እኔ ያን ሰዓት ሌላ ሰፈር፣ ካሳራኒ ቤቴ ልብስ አጥባለሁ። ስልኬ ጠራ። አብሮት ምግብ ቤት የሚሠራው ጓደኛው ነው።

"እህቴ፣ እንዳትደነግጪ። ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት ይዘነው መጥተናል። ቀስ ብለሽ ነይ።"

ሆዱን ነው ብዬ አሰብኩ። ጥሬ ሥጋ ካየ መች ራሱን ያውቃል! እንዲያውም ሳቅሁበት። አጥሚት አፈላሁለት፤ ንጹሕ ሸሚዝ ተኮስኩለት። ሐኪም ፊት እንዳላሳፍረው ፀጉሬን ሳይቀር አበጠርኩ። ከዚያ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ፣ ከዚያ የቲካ መንገድ የመኪና ጃም።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ የአገሬ ሰዎች ቆመዋል። ብዛታቸውን ሳይ ገባኝ። ለሆድ ቁርጠት ያን ያህል ሰው አይወጣም።

እኛ እንዲህ ነን። ክፉ ነገር በስልክ አንናገርም፤ መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ ነው። ይሁን፤ ግን ሲደወልልኝ እኮ ገና በሕይወት ነበር! ነርሷ እጄን ይዛ "ፖሌ ማማ" አለችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። "መጣች ወይ፣ መጣች ወይ እያለ ሲጠይቅ ነበር።" እሱ መጣች ወይ ሲል እኔ ሸሚዝ እተኩሳለሁ።

ሌቦቹን ረገምኳቸው፤ ግን አላውቃቸውም። ጓደኛውን አውቀዋለሁ። ለዓመታት ሰላም አላልኩትም።

በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ አንድ ፖሊስ ስለ ወንጀል ሊያስተምረን መጣ። ቅሚያውን፣ ቤት ሰበራውን፣ የመኪና ዘረፋውን፣ ሁሉንም አስረዳን። ጥያቄ ሲባል ተነሣሁ።

"ሰው ሲመታ ለሚስቱ እንዴት እንደሚደወልስ ለምን አታስተምረንም?" አልኩ፣ ዓይኔን ጓደኛው ላይ ተክዬ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አልችልም።

ስንወጣ ጓደኛው ተከተለኝ። እንባው ይወርዳል።

"እህቴ፣ እኔማ እውነቱን ልነግርሽ ነበር። 'መንገድ ላይ ትደነግጥብኛለች፣ ትንሽ አሞታል በላት' ብሎ የለመነኝ እሱ ነው።"

"እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?"

"እሱን ከምትቀየሚው እኔን ብትቀየሚኝ ይሻላል ብዬ።"

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የምቆጣው ሰው አጣሁ።