ጠበል የጠጡት ሁለት ባትሪዎች

አራዳ፣ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የባትሪ አሲድ ሸተተኝና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጎርጎራው ቤታችን ሽታ ነው።

አባቴ በደርግ ጊዜ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳ ነበር። የጀልባዋን ሁለት ባትሪዎች ቻርጅ አድርጎ ሲጨርስ፣ በረንዳችን ላይ ክዳናቸውን እየከፈተ የጎደለውን ውኃ ይሞላል። የዝናብ ውኃ ነው፤ የጣራ ቆርቆሮ ሳይነካው ደጅ በማወጣው ሳህን የማጠራቅመው እኔ ነበርኩ። «የምንጭ ውኃ ይገድላቸዋል፤ ልብ በይ» ይለኛል።

አንድ ጠዋት ጀልባዋ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ልትወስደው ሆነ። እናቴ የማርያምን ጠበል በጠርሙስ ይዛ መጣችና፣ ማንንም ሳታማክር በረንዳው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የነበረው አንደኛው ባትሪ ውስጥ አንቆረቆረችው።

«ምነው እቴ! ገደልሽው እኮ!» ብለው ጮኹ፣ የጀልባዋ ረዳት አዛውንቱ አያ ካሴ።

«ልጄን ይዞ የሚሄደው እሱ አይደል?» አለች።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ባትሪውን አየው። ከጀርባው ሐይቁ ጉም ለብሶ ተኝቷል። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደና የቀረውን ጠበል ሁለተኛው ባትሪ ውስጥ ጨመረው።

«ጥንድ ናቸው፣ አያ ካሴ» አለ። «አንዱ የቀመሰውን ሌላውም መቅመስ አለበት።»

ባትሪዎቹ ጀልባዋ ላይ ተገጠሙና ሞተሩ ተነሳ። ጀልባዋ ጉሙ ውስጥ ገብታ ከጠፋች በኋላም ድምጿ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ የቀረ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ሲመለስ እናቴ ስለ ልጇ አልጠየቀችውም።

«ባትሪዎቹስ?» አለችው።

«ደህና ናቸው።»

ክረምት በገባ ቁጥር እስከ ዛሬ ሳህን ደጅ አወጣለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን አንድም ባትሪ የለም።